የኃላፊው ኮትና የእኔ መንደር

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። የመገናኛው ቀለበት መንገድ አዲስ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ በየት በኩል እንደምሻገር ጠፍቶኝ አርፍጃለሁና። የመጣሁት ከእንጦጦ ነው። እዚያ ሃያ ዓመት ያህል የደን ጥበቃ ነበርኩ። ጉልበቴ ሲደክም በተላላኪነት ወደ ከተማ አዛወሩኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። የቤትና የመሬት ጉዳይ የሚታይበት ነበር ካልኩ ይበቃል።

ያን ቀን ሥራውን ያሳየችኝ የኃላፊው ጸሐፊ ናት። ወጣት ናት፤ ጴንጤ ናት፤ ቀልድ ታውቃለች። ባለጉዳይ ማመልከቻ ሲያመጣ በገቢ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ፋይል ውስጥ ገብቶ ለኃላፊው ይቀርባል። ኃላፊው ዳሩ ላይ አንድ መስመር ጽፈው ይመሩታል። እሷ መስመር ካልተጻፈች ወረቀቱ ከጠረጴዛው አይነሳም። ይህን ሁሉ ካሳየችኝ በኋላ የኃላፊውን ክፍል ከፈተችና ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለ ጥቁር ኮት አሳየችኝ።

«ጋሽ የሺጥላ፣ ኮታቸው ካለ አሉ ማለት ነው።»

«እሳቸው ግን የሉም» አልኳት። ክፍሉ ባዶ ነበር።

«ኮታቸው ካለ አሉ። ባለጉዳይ ሲጠይቅዎት ስብሰባ ላይ ናቸው ይበሉ።»

«አንቺስ ለምን አትይም?»

«እኔ ውሸት አልናገርም። እርስዎ የነፍስ አባት አለዎት፣ ይናዘዙታል።»

ሳቅኩ። ያን ጊዜ ያስቅ ነበር።

ኃላፊው አቶ ግርማ ይባሉ ነበር። አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሻይ ሳስገባላቸው ከወንበራቸው ብድግ ብለው ይቀበሉኛል። አንድ ቀን እንደዚሁ ሻይ ይዤ ስገባ የኮምፒዩተሩን መስታወት አየሁት። አረንጓዴ አገር ነው። ጋራ አለው፣ ወንዝ አለው፣ ጥፍር የሚያህሉ ሰዎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እንጦጦ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል እንደማየት ነው።

«ምንድን ነው ይሄ አቶ ግርማ?»

«ጨዋታ ነው ጋሽ የሺጥላ። እነዚህን ሰዎች ማኖር ነው።»

«እርስዎ የትኛው ነዎት?»

«እኔ አልታይም። ከላይ ነኝ።»

ሻዩን አስቀምጬ በልቤ አማተብኩ።

የጨዋታው ደንብ እንዲህ ነው። ሰዎቹ ሜዳ ላይ ቤት ይሠራሉ፤ መሬቱ ይበልጥ በተስተካከለ ቁጥር ትልቅ ቤት ይሠራሉ። ሲቸግራቸው አንድ ድንጋይ ዙሪያ ተሰብስበው እጃቸውን ወደ ላይ ይዘረጋሉ። እነሱ በለመኑ ቁጥር ከላይ ያለው ኃይል ያገኛል። በዚያ ኃይል ዝናብ ያዘንባል፣ ጋራ ይንዳል፣ እሳት ያጠፋል። ከጋራው ማዶ ደግሞ ሌላ ጌታና ሌላ ሕዝብ አለ። ያ የማዶው ጌታ ፎቅ ላይ ያሉት የዕቅድ ኃላፊ ነበሩ። ሁለቱ ኮምፒዩተሮች በገመድ ስለተገናኙ አንዱ ቢነሳ ሌላው አይጠብቀውም፤ መንደሩን ይወርበታል። «ስብሰባ ላይ ናቸው» የምለው ለካ ግማሹ እውነት ኖሯል።

አንድ ቀን አቶ ግርማ እውነተኛ ስብሰባ መጣባቸው። ጠሩኝና ወንበራቸው ላይ አስቀመጡኝ። «ይቺን ይያዙልኝ። ውኃ ካጡ ያዝንቡላቸው፣ ሌላ አይንኩ።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። እንግሊዝኛ አላውቅም። ማውስ የሚሏት ነገር እጄ ውስጥ እንደ አይጥ ትሮጥ ነበር። ዝናብ የምታዘንበዋን ግን ለየሁ፤ ደመና ተሥሎባታል።

አቶ ግርማ ሲጫወቱ ሁሉንም ነገር ደልድለው ትልልቅ ቤት ያሠሩ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ጎርፍ ይጠርገዋል። እኔ ተዳፋት አውቃለሁ። ከላይ ያለውን ዛፍ አልነካሁም፤ ሰዎቹን ከወንዙ ፈንጠር አድርጌ በየጥጉ አሰፈርኳቸው። ቤቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ግን ጎርፍ አይደርስባቸውም። አቶ ግርማ ሲመለሱ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄን ማን አስተማረዎት?»

«እንጦጦ።»

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ወንበሩ የእኔ ሆነ። እሳቸው ኮታቸውን ትተው ለጉዳያቸው ይወጣሉ፤ እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ መንደሩን እጠብቃለሁ። ባለጉዳይ ከደጅ ኪቦርዱ ሲንኳኳ ይሰማል፤ ኮቱንም በስንጥቁ ያያል፤ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከአግዳሚው በላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር።

ጸሐፊዋ አልወደደችውም። «ምክትል ፈጣሪ፣ ሻይ ይምጣልዎት?» ትለኛለች ስታልፍ።

ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። «የሚለምኑት ማንን ነው?» አሉኝ።

«እኔን ነው አባቴ።»

«ታዲያ ትሰማቸዋለህ?»

«እሰማቸዋለሁ።»

«ደጅህ ላይ የሚለምኑትንስ?» አሉና አርባ ስግደት አዘዙኝ። ስግደቱን ሰገድኩ። ጥያቄውን ግን ረሳሁት።

ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። ሃያ ዓመት ዱላ ይዤ የድሃ ሴት እንጨት ሳስጥል የኖርኩ ሰው ነኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እጁን ሲዘረጋልኝ የምሰጠው ነገር ነበረኝ።

አሁን ወደ አበበች ልምጣ። አበበች አበልጄ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቤቷ ከደኑ ግርጌ ነበር። ባሏ ከመሞቱ በፊት በገዛ እጁ የሠራው ነው፤ የድሮ የግብር ወረቀት አለው። በኋላ ግን በዙሪያው ጨረቃ ቤት በዛ፤ ያለ ፈቃድ በአንድ ሌሊት የሚቆም ቤት ማለት ነው። ለኪዎች መጥተው የሁሉንም በር በቀይ ቀለም ኤክስ አደረጉበት። የእሷንም አብረው ቀቡት። እስከ ዓርብ ልቀቁ ተባለ።

ረቡዕ ጠዋት ከእንጦጦ በእግሯ ወርዳ መጣች። ማመልከቻዋ በደንብ ተጽፏል፣ የግብሩ ወረቀት ተያይዟል። ጸሐፊዋ ቁጥር ሰጠችው፣ ፋይል ውስጥ አስገባችው፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። የቀረው የአቶ ግርማ አንድ መስመር ነው፤ «ተጣርቶ እስኪቀርብ ይቆይ» የምትል። እንደሷ ያለች መስመር ስትጻፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ኮቱ ወንበሩ ላይ ነበር። እሳቸው አልነበሩም።

«ስብሰባ ላይ ናቸው አበልጄ። ሲመጡ እኔው ራሴ አስገባሻለሁ።»

«አደራህን» አለችኝ። «አንተ እያለህልኝማ ምን እሆናለሁ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እኔ ገባሁ።

ከምሳ በኋላ የማዶው ጌታ ደኔ ላይ እሳት ለቀቀብኝ። ሰዎቼ ድንጋዩን ከበው እጃቸውን ዘረጉ። እዚያ ላይ ሳለሁ አቶ ግርማ ገቡ። በአግዳሚው በኩል አይደለም፤ ክፍሉ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያወጣ የጎን በር ነበረው፣ በዚያ ነው የገቡት። ከኋላዬ ቆሙ። አሥር ደቂቃ ቢቆሙ ነው። እስክሪብቷቸው ሸሚዝ ኪሳቸው ላይ ነበር፤ አይቼዋለሁ። የአበበች ፋይል ከኪቦርዱ አንድ ክንድ አይርቅም።

«በግራ ይቁረጡት እሳቱን» አሉኝ።

«አይ አቶ ግርማ። እሳት ሽቅብ ነው የሚሮጠው። ቀድመነው ከላይ ነው የምንቆርጠው።»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

አሳየኋቸው። በየትኛው በኩል ዛፉን እንደማነሳ፣ ዝናቡን የት እንደማወርድ፣ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እኔ ስናገር ኃላፊ ሲያዳምጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሳቁና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ለግምገማ ወደ አዳማ ልወጣ ነው፤ ሰኞ እመለሳለሁ። መንደሩን አደራ።»

«እሺ፣ ግድ የለም» አልኩ ዓይኔን ከመስታወቱ ሳልነቅል።

እሳቱ ጠፋ። አንድ ቤት አልተቃጠለም። ዘወር ስል የወንበሩ መደገፊያ ባዶ ነው። ኮቱ ሄዷል።

ወደ ውጭ ወጣሁ። አበበች ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«ስብሰባው አለቀ?»

«አልመጡም» አልኳት።

ጸሐፊዋ አየችኝ። ሹፌሩ ደውሎ በጎን በር ገብተው መውጣታቸውን ነግሯት ኖሯል። ፋይሉን አንስታ በሩጫ ወደ ምክትሉ ሄደች። ምክትሉ «የእሳቸው ጉዳይ ነው፣ እኔ አልነካውም» ብለው መለሷት። በማግስቱም ወደ አዳማ ስትደውል ዋለች። ግምገማ ላይ ስልክ ዝግ ነው።

ዓርብ አስፈቅጄ ወደ አበበች ቤት ወጣሁ። ስደርስ ዶዘሩ ሄዷል። ኤክስ ያለበት በር መሬት ላይ ተጋድሟል። የቀረው ቦታ ተደልድሏል። ያ ሁሉ ተዳፋት እንደ ሜዳ ልሙጥ ሆኖ ነበር፤ በጨዋታው ቢሆን ትልቅ ቤት የሚቆምበት ዓይነት። አበበች ዕቃዋ ላይ ተቀምጣለች። ልጆቿ ቆርቆሮ ይለቅማሉ።

«አበልጄ፣ ሰውየው እስከ ዛሬም ስብሰባ ላይ ናቸው?» አለችኝ። እየቀለደችብኝ አልነበረም። አምናኝ ነው።

ሰኞ አቶ ግርማ ኮታቸውን ሰቅለው ተቀመጡ። «መንደሩ እንዴት ሰነበተ?»

«መንደሩ ደህና ነው።» ፋይሉን ከፍቼ ፊታቸው አኖርኩት። አነበቡት።

«ይሄማ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። ቤቱ አለ?»

«ዓርብ ፈረሰ።»

«ለምን አልነገሩኝም ጋሽ የሺጥላ?»

«እዚችው ቆመው ነበር» አልኩ።

እሳቸውም የቆሙበትን ቦታ አዩት። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አወጡና ዳሩ ላይ ጻፉ፦ «ለመረጃ ይያዝ»። ፋይሉን ወደ መዝገብ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። በሥራ ዘመኔ ከተሸከምኩት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ሌላ ቀን ወንበሩ ላይ ሊያስቀምጡኝ ሲሉ ዓይኔ ደክሟል አልኳቸው። አልተቆጡም። ማዶኛው መንደሩን በሳምንቱ ወረረው አሉ። አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ እህል አልወርድ አለኝ። ጸሐፊዋ አንድ ጠዋት ከፊቴ ቆመች።

«ለአበበች ይንገሯት።»

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን ብለው። ሌላ ምን አለ?»

«አልችልም ልጄ።»

«ብቻዎን አይችሉም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም ስወጣ ላምበረት እንገናኝ።»

አበበች ላምበረት፣ የአውቶቡስ ተራው ጀርባ፣ እህቷ ዘንድ ተጠግታ ነበር። ጸሐፊዋ ክንዴን ይዛ አስገባችኝ። ለአበበች ሁሉንም ነገርኳት። ኮቱን፣ የጎኑን በር፣ አሥሩን ደቂቃ፣ እሳቱን።

«እና እነዚያ የኮምፒዩተሩ ሰዎች ዳኑ?» አለችኝ።

«ዳኑ።»

«እነሱስ እንኳን ዳኑ።»

ዛሬም በሰላም እንገናኛለን፤ ልቅሶ ላይ፣ ሠርግ ላይ። እስከ አሁን ተከራይታ ነው የምትኖረው። የአያት ኮንዶሚኒየም ዕጣ አልደረሳትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አበልጄ ብላ ጠርታኝ አታውቅም። የሺጥላ ነው የምትለኝ።

ጡረታ እስክወጣ እዚያው በር ላይ ሠራሁ። ባለጉዳይ ሲጠይቀኝ «ያለው ኮቱ ነው፣ እሳቸው የሉም» እል ነበር። ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። በዚያ ሥራ ላይ ላላችሁ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው፦ ኃላፊ ሲገባ በመጀመሪያ የሚባለው «ደጅ ላይ ባለጉዳይ አለ» ነው። ሌላው ወሬ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከዚያ እሑድ በኋላ ሥራዬን ጥዬ ልጠፋ ነበር። በማግስቱ ጠዋት መገናኛ ድረስ መጥታ ጠብቃኝ፣ እስከ መሥሪያ ቤቱ በር አብራኝ የሄደችው ያቺው ጸሐፊ ናት። ሂሩት ትባላለች።