ደጅ የወጣው መስፍ

ቡራዩ፣ ደምሴን አግብቼ በገባሁ በሳምንቱ ሥራ ጀመርኩ። የተሰጠኝ ሥራ ማጠብ ነበር። ብር ከእሳት ሲወጣ ጥቁር ነው። በሎሚ ውሃ ይቀቀላል፣ በአመድ ይፈተጋል፣ ያኔ ይነጣል። አማቴ አንጥረኛ ነበሩ፤ በእሳቸው ቤት ሴት ከማጠብ አልፋ አታውቅም።

የምንሠራው ጓሮ፣ በር ዘግተን ነው። ሰው ድሪና መስቀል ያሠራናል፣ ግን ቡዳ ናቸው እያለ ዓይናችንን ይፈራል። ማዶ ሽንኩርት የሚሸጡት አዴ ጫልቱ በደጃችን ሲያልፉ ያዘሏትን ልጃቸውን ሌንሴን በነጠላ ይሸፍኗት ነበር።

አማቴ ካረፉ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ደምሴ መስፉን፣ ብር የሚቀጠቀጥበትን ከባድ ብረት፣ ተሸክሞ መንገድ ዳር በራችን ላይ ተከለው።

«ምን ሆነሃል? ሰው ሊያየን እኮ ነው!» አልኩት።

«ይየና! የሚፈሩን ስላላዩን ነው።»

«እኔንም?»

«አንቺማ ዛሬ ብየዳ ትጀምሪያለሽ።»

እሳቱን አበዛሁት፤ ብሩ ቀልጦ ድቡልቡል ሆነ። ደምሴ በመቆንጠጫ አንስቶ አየው። «ጉትቻ ሰጠሁሽ፣ ሽምብራ መለስሽልኝ!» ብሎ ሳቀ። ሌላ ሰጠኝ። እስክችል ድረስ ሌላ ይሰጠኝ ነበር።

ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች እየቆሙ ማየት ጀመሩ። ደምሴ ከሱሉልታ ለጥገና የመጣ የድሮ አልቦ ያሳያቸውና፣ «ይህን እግሯ ላይ ያደረገችው ሙሽራ ስሟ ይታወቃል። የሠሪው ግን አይታወቅም። ለምን ይመስላችኋል?» ይላቸዋል። መልሱን አይነግራቸውም። ቆይቶ አንዲት መምህርት ክፍሏን በሙሉ ይዛ መጣች።

ሌንሴ እግር ስታወጣ ሮጣ መጥታ መስፉ ሥር ተቀመጠች። አዴ ጫልቱ ከመንገዱ ማዶ ጮኹ፤ «ነይ ውጪ፣ አንቺ ልጅ!»

«እምቢ ብላለች፤ ገብተው ይውሰዷት» አላቸው ደምሴ።

ገቡ። ሌንሴን ሊወስዱ ገብተው የብር ክር ሲጠመዘዝ ቆመው ሲያዩ፣ ሽንኩርታቸውን ፍየል በላው።

አምና ደምሴ አረፈ። እኔው ስቀጠቅጥ መዶሻው መንገድ ላይ ሲሰማ፣ እሱ ያለ እየመሰለኝ መሥራት አልቻልኩም። መስፉን ዘመዶች ጓሮ አስገቡልኝ፣ በሩን ዘጋሁ። ልጆቹ መጥተው ይቆሙና ይሄዳሉ።

ከወራት በኋላ አዴ ጫልቱ በሩን ደበደቡ።

«ልጄ፣ ሐዘንሽን አልነካም። ግን ትናንት አንዷ በደጅሽ ስታልፍ ልጇን ሸፈነች።»

«እርስዎም ይሸፍኑ ነበር» አልኳቸው።

«ታዲያ ለዚህ አይደል የማውቀው! ኮቱ፣ ነይ፣ ያን ብረት በአንድ በኩል ያዢ።»

ደምሴ ብቻውን ያወጣውን፣ ሁለት ሴቶች ሦስቴ እያሳረፍን አወጣነው። አዴ ጫልቱ ወገባቸውን ይዘው፣ «ነፍሱን ይማረውና፣ ትንሽ ቀለል ያለ አያገኝም ነበር?» አሉ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን ቀን ሳቅሁ።

አሁን ጥቁር ለብሼ በር ላይ እሠራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃገረዶች ብየዳ ይማራሉ፤ ሽምብራም ይመልሱልኛል፣ ሌላ እሰጣቸዋለሁ።

ይህን ሥራ ለያዛችሁ የምለው አንድ ነገር ነው፤ በር ከፍታችሁ ሥሩ። አላፊው እጃችሁን ይይ።