የሠርጉ ካሴትና የተፈታው ዴክ

ሳሎኑ ውስጥ የነበርነው አራት ነን። ሶፋው ላይ እትዬ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ካናል ዊንቸስተር የምትባል ከተማ ያለውን ቤታቸውን ምድር ቤት ያከራዩኝ። አጠገባቸው ልጃቸው፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል። በሩ ሥር ማስካቸውን አገጫቸው ላይ ያወረዱት ጎረቤታችን ጋሼ፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ። ምንጣፉ ላይ እኔ፣ ካቻቪቴ ይዤ።

የእትዬ ባለቤት በኮቪድ ካረፉ አንድ ወር ሆኗቸው ነበር። ለቅሶውን የደረስነው በዙም ነው። ድምፃቸው የቀረው አንድ የሠርጋቸው ካሴት ላይ ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ በሻንጣ መጥቶ፣ ማጫወቻ ስላልነበራቸው አንድም ቀን አላዩትም። እትዬ ለአርባው ሊሰሙት ፈለጉ። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የቪዲዮ ዴክ ገዝቼ አመጣሁ።

ካሴቱን ስናስገባው ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይንከባለላል። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ይጣደፋል።

«ይሄ የሱ ድምፅ አይደለም» አሉ እትዬ።

ሞተሩ ፈጥኗል ብዬ ደመደምኩ።

«ማሚ፣ ጀስት ፕሮፌሽናል ኮል አድርጊ» አለች ልጅቷ።

ደውዬ ነበር። በመኪና ግማሽ ሰዓት የምትርቀው ደብሊን ከተማ ያለው የዴክ ባለሙያ የሰጠኝ ቀጠሮ ከአርባው በኋላ ነው። ቀጠሮው ቅርብ ቢሆንም ግን ራሴ መሞከሬ አይቀርም ነበር።

«ምን ያስፈራል? እኔ ስንት መኪና ፈትቻለሁ!» አሉ ጋሼ።

«የፈቱት መኪና እኮ እስካሁን ጋራዥ ነው» አሉ እትዬ። ከሐዘኑ ወዲህ ሲቀልዱ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሶኬቱን ነቀልኩ። ውስጡ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ስለሚኖር ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነበረብኝ፤ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ሰዓት አየሁ፣ እንደገና ሄድኩ። ብሎኖቹን በወጡበት ተራ ነጭ ወረቀት ላይ ደረደርኩ። ጋሼ ለመጥረጊያ ሳኒታይዘር አቀበሉኝ፤ «ያው አልኮል አይደል?» ጄል አለው፣ ይጣበቃል አልኳቸው። ይህን ሁሉ ስጠነቀቅ አንድ ነገር አላሰብኩበትም፤ ካሴቱ ሌላ አገር መቀዳቱን።

የጎማ ቀበቶውን አውጥቼ ጠርጌ መለስኩት። ሶኬቱን ሰክቼ ካሴቱን ሞከርኩት፤ ፍጥነቱ ያው ነው። ቴፑን የሚመራውን ትንሽ ምሰሶ ሩብ ዙር አዞርኩት። ዴኩ ተንጫጫና ቴፑን ይበላ ጀመር።

«ሳበው!» አሉ ጋሼ። እትዬ ተነሥተው ቆሙ።

አልሳብኩም። ሶኬቱን ነቅዬ ዴኩን ከነካሴቱ መኪና ውስጥ ጫንኩት። ደብሊን እስክደርስ በየመብራቱ መሪውን ስደበድብ ነበር።

ባለሙያው ያለ ቀጠሮ መምጣቴ አላስደሰተውም። አርባ ምን እንደሆነ ሳስረዳው ግን ዴኩን ተቀበለኝ። ካሴቱን ካወጣ በኋላ የት እንደተቀዳ ጠየቀኝ። አዲስ አበባ አልኩት።

«የናንተ አገር ካሴት የሚቀዳበት ፍጥነት ሌላ ነው፤ በአሜሪካ ዴክ በትክክል አይጫወትም። ያከምከው ጤነኛ ዴክ ነው» አለኝ።

የተበላውን ቆርጦ ጣለ፤ የቀረውን የሁለቱንም አገር ካሴት በሚያነብ ማሽን ወደ ዲስክ ገለበጠልኝ።

በአርባው ቀን የእትዬን ባለቤት ሰማናቸው። ወፍራም፣ የማይቸኩል ድምፅ። ማይክ ይዘው ይነሡና «በናንተ ፊት ለሙሽራዬ ቃል የምገባው…» ይላሉ። ወዲያው ጭብጨባ ይከተላል። መሃሉ እኔ ያስበላሁት ነው።

እትዬ አራት ጊዜ መልሰው አዩት። «ምን ነበር ያለው? ያኔ ልቤ ሲመታ አልሰማሁትም እኮ። ሰዉ ሲስቅ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ» አሉ።

አዲስ አበባ፣ ሳሪስ ሰፈር፣ በዚያ የሠርግ ድንኳን ውስጥ የነበራችሁ፣ በተለይ ማይኩን ያቀበልከው ሚዜ፤ «የምገባው» ካሉ በኋላ ምን እንዳሉ የምታስታውሱትን ጻፉልኝ። ለእትዬ ግማሹም ይበቃቸዋል።