በጥላው በኩል

በመተማ ቆላ የኖረ ሰው አውቶብስ ሲሳፈር የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጥላው በየት በኩል ነው? እኔም ከከተማችን ከገንዳ ውሃ ጎንደር ስመላለስ ያረጀሁት በዚሁ ጥበብ ነው።

የቀረችኝ አንዲት ዓይን መደብዘዝ ስትጀምር፣ ለቀዶ ሕክምና ከባለቤቴ ጋር ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄድን። ሐኪሙ ላይሳካ እንደሚችል አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ስለዚህ ሳልታወር ጣናን ከላይ ለማየት ጓጓሁ።

«አባባ፣ መስኮቱ በየት በኩል ይሁንልዎ?» አለችኝ ትኬት የምታየው ልጅ።

«በጥላው በኩል፣ ልጄ።» ጣናን የሚያህል ውሃ ከየትም ይታያል ብዬ ነዋ፣ እኔ ሊቁ!

በረራው ከሰዓት ነበር። ጥላው በግራ ሆነ፣ ጣና በቀኝ። በዚያ ወገን ያሉት «ጣና! ጣና!» ሲሉ ብድግ ብል፣ አስተናጋጇ ቀበቶዬን አስራ አስቀመጠችኝ።

«እንግዲህ ጥላህን እያት» አለች ባለቤቴ።

ቀዶ ሕክምናው አልተሳካም። ስንመለስም ከሰዓት ስለነበር ፀሐይ ያለበትን ወገን ለምኜ አገኘሁ። እያየች እንድትነግረኝ መስኮቱን ለባለቤቴ ለቀቅኩላት። ሰዎች «ጣና!» ሲሉ ጊዜ በክርኔ ጎሸም አደረግኋት።

«ምን ይታይሻል?»

«ውሃ ነዋ! ከገንዳ ውሃ ይበልጣል።»

«እሺ፣ ሌላስ?»

የመስኮቱን መዝጊያ ቀጭ አድርጋ አወረደችው። «ፀሐዩ ፈጀኝ። ላንተ እንደሁ ያው ነው።»

ሲያቃጥለኝ የነበረው ፊቴ ወዲያው በረደ። ፀሐዩን ለምኜ፣ እንደገና ጥላ አገኘሁ።