ወይራውን ያጠጣሁበት በጋ

ልጅ ሳለሁ ከቤተ ክርስቲያን ደን ወይራ ቆርጫለሁ። ቀጥ ያለ ነበር፤ ከክንዴ አይወፍርም። ለጥምቀት መቋሚያ ይዤ ከትልልቆቹ ተማሪዎች ጋር ልቆም ፈልጌ ነው። መግዣ አልነበረኝም።

ያኔ ከደባርቅ በላይ ባለች ደብር የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ወላጆቼ ሞተዋል፤ ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ያለኝ አንድ ደበሎ፣ የለመንኩት ቁራሽና የየኔታ ጎጆ ጥግ ነበር። የኔታ ዓይነ ስውር ናቸው። ሲመሽ፣ ፍሙ አመድ ሳይለብስ፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ ተረት ይነግሩን ነበር። ያኔ ደጋግመው የሚያወጉን፣ ወደዚህ ተራራ መጥተው ብርዱ ቢጸናባቸውም አንቀመጥም ስላሉ መነኮሳት ነው፤ እንደ ቆሙ እግራቸው ሥር ሆነ፣ እጃቸውም ቅርንጫፍ፤ ደመናም ሲያልፍ በረከት ሊቀበል እነሱ ዘንድ ቆም ይላል።

«ዛፍ ቆሞ የሚያድር መነኩሴ ነው» ይሉ ነበር።

ተረቱን እወደው ነበር። ወይራውን ስቆርጥ ግን ትዝ አላለኝም።

በከተራ ዕለት ጠዋት የኔታ መቋሚያዬን ተቀብለው ዳሰሱት፤ አሸተቱት።

«ይሄ ሰውዬ ገና እርጥብ ነው» አሉ። «ከየት አመጣኸው?»

«ከደኑ፣ የኔታ።»

«መነኩሴ ገድለህ፣ በአጥንቱ ልትዘምር?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ መባረሬን እጠብቅ ነበር። ከዚያ ጎጆ ሌላ መግቢያ የለኝም።

«ወይራ ልበ ሰፊ ነው፤ ከጉቶው ይነሳል» አሉ የኔታ። «በየቀኑ አጠጣው። እስከ ፋሲካ ካቆጠቆጠ አብረኸን ትሰነብታለህ። እምቢ ካለ መንገዱን ታውቀዋለህ።»

ምንጩ ከገደሉ ሥር ነው። በየጠዋቱ በቅል ውሃ ተሸክሜ ስወጣ ጓደኛዬ ጥላሁን ይጠብቀኛል።

«የጉቶው ሎሌ፣ ጌታህ ዛሬስ ምን አለ?»

«ዝም አለ።»

«ኮርቶብህ ነው።»

የካቲት ላይ ትኩሳት ጣለኝና አራት ቀን ተኛሁ። በአምስተኛው እየተንገዳገድኩ ስሄድ የጉቶው ዙሪያ እርጥብ ነበር። ከጎኑ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ብቅ ብላለች። ሮጬ ተመለስኩ። የኔታ በራፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው፤ ቅሏ ከጎናቸው አለች።

«የኔታ፣ አቆጥቁጧል። ማን አጠጣው?»

«ዘንቦ ይሆናል።»

«በየካቲት?»

«ለመነኩሴ በየካቲት አይዘንብም ያለህ ማነው?»

ያን ገደል ዓይን ያለውም ሰው ይፈራዋል። 

ዛሬ ዝናቡ ልማዱን ትቷል። በየካቲት ይመጣል፣ በሐምሌ ይጠፋል። ከዳባት እስከ ደባርቅ ገበሬው ገብሱን መቼ እንደሚዘራ ይከራከራል። ባለሙያዎች መጥተው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲያስረዱን እሰማለሁ፤ እውነታቸውን ነው። እኔን ግን የደኑ ጠባቂ ያደረገኝ የየኔታ ተረት ነው። ምንጩ ቀጥኗል እንጂ አልነጠፈም። ልጆቼ በወይራው አጠገብ ሲያልፉ «እንደምን አደሩ አባ» ይሉታል። ትንሿማ እስኪመልስላት ቆማ ትጠብቃለች።

የኔታ ካረፉ ቆዩ። ጥላሁን ዛሪማ ወርዶ ሱቅ ከፍቷል። ከያኔዎቹ በደብሩ የቀረነው ወይራውና እኔ ነን።