የአያቴ ቀይ ሩዝ

ባለፈው ሳምንት መገናኛ አንድ ምግብ ቤት ገብቼ፣ የሩዙ ክዳን ሲነሳ እንፋሎቱ ፊቴን ነካኝ። ነጭ ነው፣ ያምራል፤ ሽታ ግን የለውም። እናቴ ትዝ አለችኝ።

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት የሚበላው ሩዝ ቀላ ያለ ነበር። አጎቴ ነው በየዓመቱ ከፎገራ ከነገለባው የሚያመጣልን፤ ውኃ በማይተኛበት ተዳፋት ማሳ፣ በዝናብ ብቻ የበቀለ። ላምበረት መናኸሪያ ወርዶ፣ ከረጢቱን ተሸክሞ፣ የካ ዳገት ላይ እስካለችው ቤታችን በእግሩ ይወጣል። እናቴ ስትቀቅለው ሽታው ጎረቤት ይደርሳል። ዘሩን መጀመሪያ የዘሩት አያቴ ነበሩ፤ ከሞቱ በኋላ ለእናቴ ከአባቷ የቀረላት እሱ ብቻ ነው።

አንድ ዓመት አጎቴ ነጭ ሩዝ ይዞ መጣ። ከላዩ ላይ ትንሽ ቋጠሮ አስቀመጠ።

«ቀዩን ተውነው፣ እህትዓለም። ጣዕሙን አልክድም፤ ምርቱ ግን አልበቃን አለ። አዲሱ ዘር ጎተራ ይሞላል፤ ልጆቹም በዙ። ይቺ የመጨረሻዋ ናት፣ ቅመሻት ብዬ ነው።»

እናቴ አልቀመሰችውም። ክረምት ሲገባ ከቤታችን ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት ቆፍራ ዘራችው። ዛሬ እዚያ ፎቅ ቆሟል። ያኔ ግን ሩዙ በቀለ፤ ለምለም ሆነ። ጠዋት ጠዋት የእንጦጦ ጉም ሳይገፈፍ ጋቢ ተከናንባ ታየዋለች። ዛላ ያወጣ ዕለት ስቃ ጠራችኝ፤ አባቷ ከሞቱ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ከዚያ ብርዱ በረታ። ፍሬ የያዘ ዛላ ያጎነብሳል፤ የእኛ ግን ቀጥ እንዳለ ቀረ። እናቴ አንዱን በጥፍሯ ፈልቅቃ አየችው። ባዶ ነበር። ሌላውንም ፈለቀቀች። ከዚያ ተወችው።

አጎቴ በዓመቱ ተመልሶ መጣ። አዲሱ ሩዝ ውኃ ይወዳል፤ ዝናብ ሲያጥር ተዳፋቱ ማሳ ጦሙን አድሮ ነበር።

«ከዚያች ቋጠሮ ለዘር የምትሆን ጭብጥ አትጠፋም?» አላት።

«ዘራሁት።»

«እዚህ? በዚህ ብርድ?»

እናቴ አቀረቀረች። አጎቴ ወደ ጓሮ ወጥቶ ባዶዋን መሬት ሲያይ ብዙ ቆየ። ይቆጣታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ተመልሶ አጠገቧ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ሲበቅል ያምር ነበር?» አላት።

«በጣም» አለች እናቴ። «ልክ እንደ አባባ ማሳ።»