የሱዚው ምሰሶ

ረጅሟ ልጅ በውሃ ታንከሩ በኩል ቆማለች። የልጅ ልጄ ከእሷ ፊት ለፊት፣ ወደ ደረጃው ተጠግታ። በሁለቱ መካከል አንዲት ጠይም ልጅ ትዘላለች፤ ሌላዋ ተራዋን እየጠበቀች ግድግዳ ተደግፋለች። እኔ ከላይ በረንዳው ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር።

የልጅ ልጄን እግሮች በሱሪ ላስቲክ ታስረው አየሁ።

ይህች ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። ካልሲ አታደርግም፤ አፉ ላይ ያለው ላስቲክ ያስለቅሳታል። የልደታ ማርያም ድምፅ ማጉያ ሲከፈት ጆሮዋን ይዛ አልጋ ሥር ትገባለች። ደረጃ የምትወርደው በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ነው። ሐኪሟ፣ ንክኪና ድምፅ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይበረታባታል፣ ሳትገደድ ትጫወት ብላለች። ልጄ ይህን ደጋግማ አስረድታኛለች። ገባኝ እላለሁ እንጂ አልገባኝም። ብቻዋን ወደ ግቢው ስትወርድ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

አስረው የሚያሾፉባት መሰለኝ። ልብሱን ትቼ ወረድኩ።

«ፍቷት!»

«እማማ፣ አላሰርናትም እኮ! ሱዚ ነው» አለች ረጅሟ። «እሷ ናት የምትቆምልን።»

«ለምን እሷ ብቻ?»

«ተራሽ ነው ዝለይ ስንላት እምቢ አለቻ! እኛ በዚህኛው በኩል እንቀያየራለን፤ መቆም ይሰለቸናል።»

ግድግዳ የተደገፈችው ሳቀች። «እንደ እሷ ያለ ምሰሶ የት ይገኛል? ሽቦ ቢዘረጉባት አትነቃነቅም!»

ስድብ ይሁን ምስጋና መለየት አቃተኝ። ጎንበስ ብዬ ላስቲኩን ላወልቅላት ስል የልጅ ልጄ እጄን ገፋችው። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሰምበር ወጥቷል።

«አያምሽም?»

«ጥብቅ ሲል ደስ ይላል።»

ካልሲ የሚያስለቅሳት ልጅ ናት እንዲህ ያለችኝ። ይዣት ብወጣ ዳግመኛ እንደማትወርድ ታወቀኝ። ብተዋት ደግሞ እንደ እንጨት አቁመዋት ሊውሉ ነው፤ ወይም ትወድቃለች። የትኛው ይሻል እንደነበር አሁንም አላውቅም።

በዚህ መሃል ጠይሟ ልጅ ላስቲኩን ረገጠች። «ረገጥሽ! ረገጥሽ!» ብለው ጮኹባት። የረገጠ መቆም አለበት። የልጅ ልጄ ማንም ሳያዛት እግሮቿን ከላስቲኩ አወጣች፤ ጠይሟም በቦታዋ ገባች።

የልጅ ልጄ መጀመሪያ ላስቲኩን በአንድ እግሯ ወደ መሬት ተጭና ቆየች። ምን እንደምትጠብቅ አላውቅም። ከዚያ ዘለለች። ሁለተኛውን ስትዘል እግሯ ተያዘና በመዳፎቿ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች።

አቧራ ሲነካት ምን እንደምትሆን ስለማውቅ ጩኸቱን ጠበቅኩ። መዳፎቿን አየቻቸው። ቀሚሷ ላይ አሸቻቸው። ልትጮህ ይሁን ልትስቅ ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም። ላነሳት ጠጋ አልኩ።

«አትንኪኝ! አንቺ ቤት ግቢ።»

«እማማ፣ እርስዎ ሲያዩዋት እኮ ታፍራለች» አለች ረጅሟ፣ ላስቲኩን እያስተካከለች።

ነጠላዬን ሰብስቤ ወደ ደረጃው ሄድኩ።