ከአከራያችን ዕቃ ቤት የወጣው የሕፃን ወንበር

ልጄን የምመግበው እናቴ እኔን እንደመገበችኝ ነበር። ጭኔ ላይ በጀርባው አጋድሜ፣ በእፍኜ የያዝኩትን የአጃ አጥሚት አፉ ውስጥ ጠብ ጠብ አደርግለታለሁ። በጎጃም ይህን መጋት እንለዋለን። ያልተጋተ ልጅ አይጠነክርም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት፤ ባለቤቴን መሥሪያ ቤቱ ወደ ደቡብ ክልል አዛውሮት ሐዋሳ ስንገባም ከአገሬ ይዤው የመጣሁት እውቀት ይኸው ነበር።

አንድ ጠዋት ልጁን ትን አለው። ሲያለቅስ ነው የጋትኩት፤ አጥሚቱ በተሳሳተ መንገድ ወረደ። ፊቱ ጠቆረ፣ ዓይኑ ፈጠጠ። በደረቱ ገልብጬ ጀርባውን ስመታው በአፍንጫው ወጣና ጮኸ። ያንን ጩኸት እስክሰማ ድረስ የጠራሁት ታቦት ብዛት እኔም አላውቀው። ከዚያን ቀን ወዲህ እጄ ወደ አፉ ሲመጣ ሲያይ ከንፈሩን ይገጥማል። 

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ መዘነችውና ካርዱን አይታ፣ "ቀንሷል" አለች። "ተኝቶ አይብላ። ሁለተኛ እንደዚያ ትን ቢለው ላትደርሺለት ትችያለሽ። ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ በማንኪያ፣ በራሱ ፍላጎት።"

ቀና ብሎ የት ይቀመጣል? ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በተከራየናት ቤት ያለን አንድ ሶፋ፣ ጥቂት ዱካዎችና እዚያው ዝቅ ብለን የምንከባት ትሪ ናት። ሶፋው ላይ ሳስቀምጠው ወደ ጎን ይንሸራተታል። ባለቤቴ፣ "የሕፃን ወንበር እንግዛለት" አለ። እሱ እንዲህ ሲል ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር።

እዚያው ሐዋሳ ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ ከዱባይ የመጣ የፕላስቲክ መቀመጫ አገኘን። እግር የለውም። ተራ ወንበር ላይ ይደረግና በቀበቶ ይታሰራል፤ በሌላ ቀበቶ ደግሞ ልጁ እሱ ላይ ይታሰራል። ቀበቶውን ቆልፌ በሁለት እጄ ሳብኩት። ጠቅ ብሎ ተከፈተ።

"እህቴ፣ የምታስሪው ሕፃን ነው ወይስ በሬ?" አለ ባለ ሱቁ።

"ሕፃን ነው። በሬ ቢሆንማ ቢወድቅም ይነሳል።"

"ኦሪጅናል ነው እኮ፣ ወላሂ።"

"ኦሪጅናል ከሆነ ለምን ተከፈተ?"

"ስለከፈትሽው ነዋ።"

ባለቤቴ ሳቀ፤ እኔ ግን መቀመጫውን ገለበጥኩት። ከሥሩ ተፋፍቋል። አንድ ሰው ገዝቶት፣ ሞክሮት፣ የመለሰው መሰለኝ። ለምን መለሰው? ባለ ሱቁን ብጠይቀው እውነቱን አይነግረኝም፤ ሌላ ነገር ብሎኝም አላምነው። ትተነው ወጣን።

"ወንበሩን እኮ ግምገማ ላይ አወጣሽው" አለኝ ባለቤቴ ታክሲ ስንጠብቅ። "ግለ ሂስ እንኳን የሚያደርግበት ዕድል አልሰጠሽውም።"

"አንተ ቢሮህ ገምግም። ልጁን ለእኔ ተውልኝ።"

በማግስቱ ቧንቧ ዘንድ ጄሪካን እየሞላሁ ስለ መቀመጫው ለባለቤቴ ሳወራ አከራያችን ሰሙኝ። አከራያችን የሲዳማ ሴት ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከሁለት ትልልቅ ሴት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ ቃል መርጠው፣ መዝነው ነው የሚናገሩት። "እኔ ጋ የሕፃን ወንበር አለ" አሉኝ። "ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ውሰጂው።"

አመስግኜ ገባሁ፤ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። እኚህ ሴት የቧንቧውን ቁልፍ ከአንገታቸው የማያወልቁ፣ ልብስ ማስጫ ገመድ እንኳ ሳይጠየቁ የማይሰጡ ናቸው። ጴንጤ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ለጸሎት ፕሮግራማቸው ሁለት ጊዜ ጠርተውኝ በዘዴ ቀርቻለሁ። እኔን ቢያጡኝ በልጁ በኩል መጡብኝ ብዬ አሰብኩ።

ወንበሩን አውጥተው በረንዳቸው ላይ በጨርቅ ሲወለውሉት ሄጄ አየሁት። የዋንዛ እንጨት ነው፤ እግሮቹ ረጃጅም፣ ከፊቱ ምግብ የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ እንጨት አለው። ነቀነቅኩት፤ አልተነቃነቀም። የልጄ ማተብ የሚያዝበት ምስማር ይኖር እንደሆነ ጣቴን ዙሪያውን አዞርኩ። ምስማር የለም። ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው፤ ፊት ለፊት ባለው እንጨት ጠርዝ ላይ የትናንሽ ጥርስ ንክሻ።

"እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ጥሩ ነው፣ እትዬ። ትንሽ ግን ከፍ አለብኝ። እኛ ዝቅ ብለን ነው የምንበላው። ልጁ እዚህ ላይ ሲቀመጥ እግሩ ከማዕዱ በላይ ሊሆን ነው።"

ውሸቴን አልነበረም። ተባርኮ የቀረበ እንጀራ ላይ እግር ሲንጠለጠል ማየት ለእኔ ከባድ ነው፤ የሕፃን እግርም ቢሆን። የከለከለኝ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ፎቶ አለ። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው በሕፃንነታቸው ቆመዋል፤ በመካከላቸው አንድ ወንድ ሕፃን ይህ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በዚያ ግቢ ስንኖር ስለ ወንድ ልጅ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ለጥቂት ቀናት ምክንያት እየፈጠርኩ አቆየኋቸው። ልጄ ደግሞ ከነጋ እስኪመሽ ጡት ብቻ ሆነ፤ ሳነሳው ክንዴ ላይ እየቀለለ መጣ። ባለቤቴ፣ "ያንን የፕላስቲኩን ልግዛው?" ሲል የቀበቶው ጠቅታ ይሰማኛል። ወንበሩን ሳስብ የንክሻው ምልክት ይታየኛል። በመጨረሻ ሄጄ ጠየቅኋቸው።

"እትዬ፣ ወንበሩ የማን ነበር?"

"የልጄ።"

"የትኛዋ ልጅዎ?"

"የወንዱ" አሉ። የሚለቅሙትን ምስር አስቀመጡት። "ፎቶውን ስታዪ ነው የሰነበትሽው። ለምን ቶሎ አልጠየቅሽኝም?"

"ፈራሁ።"

"ከላይ ወድቆ የሞተ መስሎሻል።"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

"ወባ ነው የወሰደው። ወንበሩ አንድ ቀን ጥሎት አያውቅም።" እንደገና ምስሩን አነሱ። "ዛሬ ምሳ ሰዓት እኛ ጋ አምጪውና ሞክሪው። የራስሽን ምግብ ይዘሽ ነይ። የእኔን እንደማትሰጪው አውቃለሁ።"

እንዳወቁብኝ ሳውቅ እምቢ ማለት አቃተኝ። አጥሚቱን ከድኜ፣ የራሴን ማንኪያ ይዤ ሄድኩ። እነሱ የሚበሉት ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ነው። ልጁን ወንበሩ ላይ ሳስቀምጠው እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ገባ፤ ለዚያ ቤት ወንበሩ ልክ ነበር። ጀርባውን በእጄ ደግፌ ቆምኩ።

አከራያችን ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፅ አውጥተው ጸለዩ። ረዘመብኝ። የልጄን ስም የሚጠሩ እንደሆነ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ፤ አልጠሩም። እኔም ማተቡን በጣቶቼ ይዤ በልቤ አባታችን ሆይን ጀመርኩ፤ እሳቸው አሜን ሲሉ እኔ ገና "የዕለት እንጀራችንን" ላይ ነበርኩ። ታናሺቱ ልጃቸው ዓይኔን ገልጬ እንደቆየሁ አየችኝና ፈገግ አለች።

መብላት ጀመሩ። ልጄ አፋቸውን አየ። ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያየ የራሱን አፍ ከፈተ። ማንኪያውን አስጠጋሁ፤ ወሰደው። ደገምኩ፤ ወሰደው። ቀጥሎ ሳል ያዘው። ማንኪያውን ጥዬ ላነሳው ስል አከራያችን የእጄን አንጓ ያዙ።

"ተይው። ቀና ብሏል።"

ሳለ፣ ያስቸገረውን አጥሚት ፊቱ ባለው እንጨት ላይ ተፋው፣ በመዳፉ መታው። ከዚያ እንደገና አፉን ከፈተ።

ቁጭ አልኩ።  ማዕዱን ከእግሩ ማራቅ በእኔ እጅ ነው፤ ትሪዋን ወደ ግድግዳ አስጠጋታለሁ። ትንፋሹ ግን በእጄ አልነበረም፤ ትን ያለው ዕለት አይቼዋለሁ።

ሳሕኑ ባዶ ሲሆን፣ "ታዲያ ትወስጂዋለሽ?" አሉኝ።

"እወስደዋለሁ፣ እትዬ። ግን መጀመሪያ ጠበል እረጭበታለሁ።"

በኋላ በግድግዳ ከሚሰሙ ከእኔው አፍ ይስሙት ብዬ ነው የነገርኳቸው። እህትማማቾቹ ተያዩ። እሳቸው ወንበሩን አዩ፤ ጠርዙን፣ የንክሻውን ቦታ፣ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"እርጪበት" አሉ። "ቶሎ አድርቂው ግን። እግሩ መጋጠሚያ ላይ ውኃ ከተኛ እንጨቱ ይላቀቃል።"

ማታ ረጨሁበት። በነጠላዬ ጫፍ አደረቅሁት፤ መጋጠሚያውንም አንድ በአንድ እየነካካሁ አየሁ።